አራቱ ምንጮች ሰው ቤት ገቡ

አዳማ፣ ጎህ ሲቀድ

ቅዳሜ ነው። ባጃጆቹ ገና አልነቁም፤ ፉል ቤቶቹ ግን በራቸውን ከፍተው ድስታቸውን ጥደዋል። የተከራየናት ሚኒባስ ሞተሯን አስነስታ መነኸሪያው አጠገብ ቆማለች። ሾፌሩ ጋሽ ተሾመ የፊት መስተዋቱን በጋዜጣ ይወለውላሉ። ጋዜጣው የእኛው ነው። ባለፈው ሳምንት የጻፍኩበት ገጽ መሆኑን አየሁ፤ መስተዋቱ ጠርቷል።

የምንሄደው አራት ምንጮች ፍለጋ ነው። ምንጮቹ ውኃ የላቸውም፤ ያሉት ስልክ ውስጥ ነው።

ሐና የአዳማ ልጅ፣ የባንክ ገንዘብ ከፋይ ናት። ያለ ደመወዝ ፈቃድ ወስዳ የስልክ ጨዋታ ስትሠራ ከርማለች። ጨዋታውን የሚከፍት ሰው አንዲት የተጠማች ግመል ይሰጠዋል። ግመሏ የምትሄደው በእውነተኛው ካርታ ላይ ነው፤ ስክሪኑ ላይ ያለው መንገድ ይኸው የምንነዳበት አስፋልት፣ ሐይቁም ያው ሐይቅ ነው። ባለቤቷ ሲሄድ ትሄዳለች፣ ሲቆም ትቆማለች። ሲነሱ ከሚሰጣት አንድ ባልዲ በቀር ውኃ የምታገኘው ባለቤቷ በእግሩ ሄዶ ምንጭ የተባለው ነጥብ ላይ ሲደርስ ብቻ ነው። ምንጮቹ ሰው ሊያያቸው የሚገቡ ቦታዎች ላይ ተደርገዋል፦ ቆቃ የአዋሽ ድልድይ፣ መቂ የሽንኩርት ገበያው በር፣ ዝዋይ የጀልባ መሳፈሪያው፣ ቡልቡላ የወንዙ ዳር። ቢያንስ እንደዚያ ተብሎ ነበር።

ትናንት ጨዋታውን ከሞከሩት ወጣቶች መልእክት መጣ። አንዱ "ሐይቁ ዳር ደርሰሃል ይለኛል፤ የማየው ግን ልብስ የተሰጣበት ገመድ ነው" ሲል ጽፏል። ሌላው በአጭሩ "ውሻ አለ" ብሏል።

ሌላ ቀን ቢሆን ያስቃል። ዛሬ ግን አቶ ይልማ የሚባሉ የእንግዳ ማረፊያ ባለቤት ጨዋታውን ሊፈትኑ ነው። ሁለት ሰዓት ላይ ከአዳማ ብቻቸውን ይነሳሉ፤ ማንም እንዳያግዛቸው ብለዋል። መንገዱን ከወደዱት ውል ይፈርማሉ፣ ሥራውም ይቀጥላል። ካልወደዱት የሐና ፈቃድ ሰኞ ያልቃልና ወደ ባንኩ መስኮቷ ትመለሳለች። የመልቀቂያ ደብዳቤዋ ተጽፎ ስልኳ ውስጥ ተቀምጧል። የቀረው "ላክ" የሚለውን መጫን ነው።

"ሳተላይቱ ነው የተሳሳተው" አለ ከኋላ ወንበር አብዲ። የሁሩታ ልጅ ነው፤ ነጥቦቹን በየከተማው ዞሮ የመዘገበው እሱ ነው።

"ሳተላይት ልብስ አያሰጣም" አለች ሐና።

ነጥቦቹን ለምን ከቢሮ ሆነው እንደማያስተካክሉ ጠየቅሁ። አይቻልም። ማንም ቤቱ ተኝቶ የውሸት ቦታ እንዳይመዘግብ፣ ነጥብ የሚያዘው ስልኩ ባለበት ሥፍራ ብቻ እንዲሆን ሐና ራሷ ደንብ አውጥታለች። አሁን ደንቡ እሷኑ ከአልጋዋ አስነስቶ መንገድ አስገብቷታል። አቶ ይልማን ቀድመን አራቱም ቦታ መድረስ አለብን።

ለእኔም ግመል ተሰጠችኝ። ሞጆ ናፍጣ ልንቀዳ ስንቆም ስክሪኑ መሀል ቁጭ አለች።

"ምን ሆነች?"

"ጠምቷት ነው፣ ጋሼ። ከመነሳታችን በፊት ባልዲዋን ማጠጣት ነበረብዎት። መመሪያው ላይ አለ" አለች ሐና።

"መመሪያውን አላነበብኩም።"

"ከተቀመጠች የምትነሳው ከምንጭ ውኃ ሲመጣላት ነው። ሞጆ ደግሞ ምንጭ የለም።"

ሞጆ ላይ ትቻት ወደ ግራ ታጠፍን።

ቆቃ፣ ጠዋት

ድልድዩ ላይ ከባድ መኪናዎች ተራ ይጠባበቃሉ። ከሥር አዋሽ ቡናማ ሆኖ ይፈሳል። በሐና ስልክ ላይ ምንጩ ከድልድዩ ወዲህ፣ አንድ የቆርቆሮ አጥር ውስጥ ያበራል። ወደ አጥሩ ስንጠጋ በሩ ተከፈተና አንዲት ሴት ብቅ አሉ። የዓሣ አስጋሪ ሚስት ናቸው፤ ወይዘሮ አስቴር ይባላሉ።

"አብዲ፣ ምነው ጠፋህ? ግባ። ግቡ እንጂ፣ ምን ያቆማችኋል?"

አብዲ መሬት መሬት አየ። ሳተላይት ቢሳሳት ይሳሳታል፤ ሰውን በስሙ ጠርቶ ግን አያስገባም። ይህንን በልቤ መዝግቤ ገባሁ።

የተጠበሰ ዓሣ፣ ዳጣና ዳቦ ቀረበ። ሐና ሁለት ጊዜ ተነሳች፤ ሁለቴም ትከሻዋን ይዘው አስቀመጧት።

"ወይዘሮ አስቴር፣ በጣም ነው የምንቸኩለው።"

"የሚቸኩል ሰው ነው መብላት ያለበት። ያልቸኮለማ ቤቱ ይበላል።"

ሐና ዳቦ ቆረሰች። ዓሣው አልቆ ድልድዩ ላይ ስትቆምና ስልኳን ስትጫን ፀሐዩ ጠንክሯል፤ አቶ ይልማም ከአዳማ ተነስተዋል። የእሳቸው ግመል በሐና ስክሪን ላይ ቀይ ነጥብ ናት። አትቀመጥም፣ አትቆምም፤ የእሳቸው መመሪያ በደንብ የተነበበ ይመስላል።

መቂ፣ ረፋድ

በመንገዱ ግራና ቀኝ ቀይ የሽንኩርት ጆንያ ተደርድሯል። ቲማቲም የጫኑ አይሱዙዎች መንገዱን ዘግተው ይገበያያሉ፤ ባጃጆች በመሀላቸው ይሾልካሉ። ምንጩ መሆን የነበረበት የገበያው በር ላይ ነው። ያለው ግን ከበሩ ራቅ ብሎ፣ አረንጓዴ በረንዳ ላይ፣ አንድ ነጭ ኮፍያ ያደረጉ አዛውንት ከተቀመጡበት ወንበር ሥር ነው።

ሐጂ ሰዒድ ከወሎ መጥተው መቂ ላይ ሽንኩርት ሲነግዱ ያረጁ ሰው ናቸው።

"አብዲ፣ ዛሬ ደግሞ ሰው ይዘህ መጣህ። ማሻአላህ። ፈጢራ ይምጣ።"

ፈጢራው በማር መጣ። ሐና አልነካችውም። አብዲን እያየች ነው።

"ይኸ ሳተላይት ቁርስ ይወዳል መሰለኝ" አለችው።

አብዲ እጁን ጠራረገ። "እሺ፣ ልናገር። የገበያው በር ላይ ቆሜ ስልኬን ሳወጣ ሐጂ 'የማን ልጅ ነህ?' አሉኝ። ሽማግሌ እየጠየቀኝ ስልክ ልነካካ? ሰላም አልኳቸው። ግባ አሉኝ። እምቢ ልበል? ገባሁ። ሰው ምግብ አቅርቦልኝ ስልክ አላወጣም፤ እናቴ ብትሰማ ሁሩታ አታስገባኝም። ከበላሁ በኋላ ሥራዬ ትዝ አለኝና እዚሁ ነጥቤን ያዝኩ። ገበያው እንደሆነ እዚህች ናት።"

አንባቢ ይህንን መስመር የማያውቀው ከሆነ ማስረዳት ይገባኛል። "እዚህች ናት" በስምጥ ሸለቆ ከተሞች የታወቀ የርቀት መለኪያ ነው። ከአንድ አጥር ማዶ ይጀምርና እንደ ተናጋሪው ደግነት ሌላ ወረዳ ድረስ ይዘልቃል። በእግሬ ስለካው ኖሬያለሁ፤ ካርታ ላይ ገብቶ ሳየው ግን ዛሬ የመጀመሪያዬ ነው።

"አራቱም ቦታ እንደዚሁ ነው?" አለች ሐና።

"አራቱም። ዝዋይ እትዬ ብርቄ ቤት ነው፣ ሽሮ በቃሪያ። ቡልቡላ ኦቦ ገመዳ ዘንድ..."

"ምን እንደበላህ አልጠየቅሁህም።"

ሐጂ ነገሩ ሲብራራላቸው አልሳቁም። "ባለፈው የመጡት ልጆች ለካ ለዚህ ነው። በረንዳዬ ላይ ስልክ ይዘው ቆመው ነበር። እኔ ደግሞ ሽንኩርት ሊገዙ መስሎኝ አስገብቼ ሳስረዳቸው ዋልኩ። ጥሩ ልጆች ናቸው፣ ይሰማሉ። አሁን ምን በድያችሁ ነው ምንጩን የምትወስዱብኝ?"

"በደል አይደለም፣ ሐጂ። ቦታው ስላልሆነ ነው።"

"ቦታውስ ነበር" አሉና ሻያቸውን አነሱ።

ሐና ሄዳ የገበያው በር ላይ ቆመች፤ ተጫነች። በሩ ዝገት የበላው የብረት በር ነው። ከዚህ የበለጠ የምጽፍበት ነገር ፈልጌ አጣሁ።

ዝዋይ፣ እኩለ ቀን

ከተማው መግቢያ ላይ ሐና ወደ ኋላ ዞራ ትእዛዝ ሰጠች። ቀጥታ ወደ ጀልባ መሳፈሪያው እንሄዳለን፤ ማንም ማንንም ሰላም አይልም።

"ትራፊክ ፖሊስ ቢሆንስ?" አሉ ጋሽ ተሾመ።

"እሱን ይችላሉ።"

ወደ ሐይቁ የሚወስደው መንገድ በእትዬ ብርቄ በር ያልፋል። አብዲ ወንበሩ ላይ ተጋደመ። እትዬ ብርቄ፣ ነጠላ ያገለደሙ ባለ ሽበት ሴት፣ የልብስ ሳፋ ይዘው በራቸው ላይ ቆመዋል። ከጀርባቸው ያ ዝነኛ የልብስ ገመድ ይታያል። ልናልፋቸው ስንል ጋሽ ተሾመ ጥሩምባቸውን ነካ፣ ነካ አደረጉ። እትዬ ብርቄ ሳፋውን አስቀምጠው እጃቸውን ወደ ግንባራቸው አነሱ። አላቆምንም።

"ምነው ጋሽ ተሾመ" አለች ሐና።

"እጄ ነው ልጄ። ሰው በር ላይ ቆሞ ሲያይ እጄ ዝም አይልም።"

ሰላም ሳይሉ ማለፍ አንድ ነገር ነው። ሰላም ብሎ፣ አይቶ፣ ነድቶ መሄድ ግን ሌላ ነው። 

መሳፈሪያው ላይ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች እንደ ጡረተኛ ዳኞች ቆመው የዓሣ አንጀት ይጠብቃሉ። ሐና እስከ እንጨቱ ጫፍ ሄዳ ተጫነች። ማንም አልጋበዘንም። ሥራው ቶሎ አለቀ።

አዳሚ ቱሉን አልፈን፣ የግራር ጥላና የቲማቲም ሣጥን በተደረደረበት መንገድ ስንሄድ፣ ሐና ስክሪኗን አየችና ፊቷ ተለወጠ። የአቶ ይልማ ግመል ቆቃ ጠጥታ፣ መቂ በሩ ላይ ጠጥታ፣ ከዚያ ከመንገድ ወጥታለች። ከገበያው ትንሽ ገባ ብላ ቆማለች። አትንቀሳቀስም።

"ስልካቸው ጠፍቶ ይሆናል" አለ አብዲ።

"ወይ ትተውት ይሆናል" አለች ሐና።

ቡልቡላ፣ ከቀትር በኋላ

ኦቦ ገመዳ ግራር ሥር አጎዛ ላይ ተቀምጠዋል። አብዲ ሮጦ እጃቸውን ሳመ፤ "አካም ጅርቱ" ተባባሉ፣ ከብቱ ተጠየቀ፣ ዝናቡ ተጠየቀ፣ ሁሩታ ያለው ገብስ ተጠየቀ። ከአቢጃታ በኩል ጨው ጨው የሚል ነፋስ ይመጣል። ሐና ወደ ወንዙ ልትሄድ ስትነሳ ስልኳ ጠራ። አቶ ይልማ ናቸው። ድምፁን ለሁላችንም ከፈተችው።

"ሐና ልጄ፣ መቂ ነኝ።"

"አቶ ይልማ፣ ችግር ካለ..."

"ችግርማ አለ። ቆቃ ድልድይ አሳያችሁኝ። ያንን ድልድይ ከአባቴ ጋር ስመላለስበት ነው ያደግሁት። መቂ በር አሳያችሁኝ። በር ነው፤ አየሁት። ግመሏ ጠጣች፣ እኔ ልሄድ ስል አንድ ሐጂ 'ምንጩን ነው የምትፈልገው? ጠዋት ከቤቴ ነቅለው ወሰዱት፤ ና ቦታውን ላሳይህ' አሉኝ። ከዚያ ወዲህ አልተነሳሁም።"

ከኋላ የሐጂ ሰዒድ ድምፅ ተሰማ፤ ለአንድ ሰው ሥጋ ጨምርለት ይላሉ።

"ምሳ በላሁ" አሉ አቶ ይልማ። "ሁለተኛው እየመጣ ነው። የሽንኩርት ዘር እንዴት እንደሚመረጥ ተማርኩ። ሐና፣ እኔ እንግዳ አሳድሬ የምኖር ሰው ነኝ። በር ለማየት ብሎ እንግዳ የሚያድር የለም። የነቀላችሁትን መልሱ። አራቱም እንደነበሩ ከሆኑ እዚሁ በረንዳው ላይ እፈርማለሁ። እጠብቃችኋለሁ፤ ሐጂም ቢሆኑ አልለቅህም ብለውኛል።"

ሐና ስልኩን ዘጋች። ከዚያ አብዲ አንድም ቀን ያላደረገውን አደረገች፤ ኦቦ ገመዳ ፊት ተንበርክካ፣ ምንጩ እሳቸው ግቢ ቢቀር ይፈቅዱ እንደሆነ ጠየቀች። ሰዎች ይመጣሉ፤ ያልተመቻቸው ቀን ግን ደውለው ማዘጋት ይችላሉ።

ኦቦ ገመዳ አሰቡበት። "ግመሏ ጎመኔን ትበላለች?"

"አትበላም፣ ስልክ ውስጥ ናት።"

"ሰዎቹስ?"

"ሰዎቹ... ካበሏቸው ይበላሉ።"

"ሰው ጎመን ቢበላ ምን አለበት። ይምጡ።"

የቡልቡላው ነጥብ ሳይነካ ቀረ። ጎመኑን ግን ቀምሰን ነው የተነሳነው።

ዝዋይ እንደገና፣ ወደ ማታ

ሚኒባሷ እትዬ ብርቄ በር ላይ ቆመች። ጥሩምባ አልተነፋም። እትዬ ብርቄ በሩን ከፍተው አንድ በአንድ አዩን፤ አብዲ ላይ ቆዩ።

"ቀን በመኪና ያለፉት እናንተ ናችሁ?"

"እኛ ነን፣ እትዬ" አለ አብዲ።

"ጥሩምባ ነፍታችሁ ያለፋችሁት።"

"አዎ።"

"ይኸ ልጅ ወንበር ላይ ተጋድሞ ሳየው ታሟል ወይ ብዬ ስጨነቅ ዋልኩ። የታመመ ሰው ግን ጥሩምባ አይነፋም ብዬ ተውኩት።"

አስገቡን፤ አስቀመጡን። ምግብ ግን አልቀረበም። ውኃም አልቀረበም። ይህንን ቤት ለማያውቅ ሰው ቀላል ነገር ሊመስለው ይችላል፤ አብዲ ግን ግንባሩን ላብ አጠመቀው። እትዬ ብርቄ ሰፌዳቸውን አንስተው ምስር መልቀም ቀጠሉ።

ሐና ነገሩን ሳትሸፋፍን ነገረቻቸው፦ ጨዋታውን፣ ምንጩን፣ መቂ የሚጠብቋትን ሰው፣ ሰኞን።

"እንግዲህ አሁን የመጣችሁት ጉዳይ ስላላችሁ ነው" አሉ እትዬ ብርቄ።

"አዎ፣ እትዬ።"

"ደግ። አለመዋሸትሽ ደግ ነው። የፈለግሽው ስልክሽን መጫን አይደል? እዚህም ሆነሽ ይሆናል። ተጫኚና ሂጂ፣ ሰውየው ይጠብቁሻል። ለሰላምታው ሌላ ቀን ትመጫለሽ።"

ፈቃድ ተሰጠ። ነጥቡ ከእግሯ ሥር ነው፤ የቀረው አንድ ጣት ማሳረፍ ነው። መቂ አቶ ይልማ ከሦስተኛው ምሳ በፊት ሊያመልጡ ይችላሉ። ሐና ስልኳን አየችው። ከዚያ ቦርሳዋ ውስጥ ከታ ዚፑን ዘጋች፤ ወንበሯን ስባ ወደ ሰፌዱ ጠጋ አለችና ምስር መልቀም ጀመረች።

"እንዴት ዋሉ፣ እትዬ?" አለች።

እትዬ ብርቄ ቀና አሉ። "ደህና ዋልኩ። አንቺ እንዴት ዋልሽ?"

"ደህና። ጉልበትዎ እንዴት ነው?"

"ጉልበቴን ማን ነገረሽ?"

"ሲቀመጡ አይቼ።"

ጉልበቱ ተወራ። የሐይቁ መሸሽ፣ የዓሣ መወደድ፣ አዳማ ያለችው የእህታቸው ልጅ ተወራች። ቀይዋ ነጥብ መቂ ላይ ቆማ እንደሆነ ወይም ሄዳ እንደሆነ ማንም አላየም። የሰፌዱ ምስር አለቀ። እትዬ ብርቄ ከሥሩ ያሉትን ጠጠሮች ጠርገው ደፉ፤ ሐናንም ትንሽ አዩዋት።

"አብዲ፣ ተነስና ለእንግዶቹ እጅ አስታጥብ። ቤቱን ታውቀዋለህ" አሉ።

ሽሮ በቃሪያ ነበር። አብዲ ስለ እሱ የተናገረው ሁሉ በማስረጃ የተደገፈ ነው።

ገበታው ከተነሳ በኋላ ሐና ፈቃድ ጠይቃ ስልኳን አወጣች። ገና ሳትጫን ጠራ።

"የት ደረሳችሁ?" አሉ አቶ ይልማ።

"ዝዋይ፣ ምሳ ላይ ነን።"

"በዚህ ሰዓት?"

ከኋላ ሐጂ ሰዒድ "ተዋቸው፣ ይብሉ፤ አታጣድፋቸው" ሲሉ ተሰማ።

ሐና የልብስ ገመዱ አጠገብ ቆማ ተጫነች።

አዳማ፣ መመለሻ

የቆቃውን በመንገዳችን እንደምንመልስ ቃል ገብተን መቂ ውሉ ተፈረመ። ነጥቡን በረንዳው ላይ ሐጂ ራሳቸው በአውራ ጣታቸው ተጫኑት፤ "ቦታው እኮ ነበር" አሉ። ቆቃ ነጥቡ ግቢያቸው ሲመለስ ወይዘሮ አስቴር ግማሽ ዓሣ አስበልተው፣ ግማሹን በፌስታል ቋጥረው ለቀቁን። ሞጆ ስንደርስ ግመሌ ጠዋት ከተቀመጠችበት አልተነሳችም ነበር። ከቆቃ ያመጣሁትን ውኃ ሰጠኋት፤ ተነሳች፣ አላመሰገነችም።

ጋሽ ተሾመ ሐናን ሠፈሯ ሊያደርሷት አዳማ ሲገቡ አብዲ ከኋላ "ደብዳቤውን አሁን አትልኪውም?" ሲል ጠየቃት።

ሐና ስልኳን አውጥታ ደብዳቤውን አየች፤ መልሳ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችው።

"ሰኞ ራሴ ይዤው እሄዳለሁ። አብሬያቸው የሠራኋቸው ሰዎች ናቸው፤ በስልክ ጥሩምባ ነፍቼባቸው አላልፍም።"

"ጥሩ" አሉ ጋሽ ተሾመ ማርሽ እየቀየሩ። "ቁርስ ሳትበዪ ሂጂ ብቻ።"